34 የፈረስ ጉልበት ይበቃል፣ ፍሬኑ ካለ

«ፍጥነት ካማረሽ ለምን አዲስ መኪና አትነጂም?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም፤ የምወዳደረው በአሮጌ መኪና ነውና። አዲስ መኪና ፈጣን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን አሮጌ መኪና የምታወራው ነገር ነው። መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። ካምቢዮው ያፏጫል። ዘይቱ ሲግል ከጆሮዬ በፊት አፍንጫዬ ያውቃል። በእኔና በጎማው መሀል ኮምፒውተር አልገባም፤ ኩርባው ካማረልኝ ያሳመርኩት እኔ ነኝ፣ ከተበላሸም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው አጠገብ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላላቸውና በአጥር ላይ ተንጠልጥለው «እኔስ መቼ ነው የምገባው?» ለሚሉ ነው። እኔም እዚያ አጥር ላይ ሁለት ዓመት ተንጠልጥያለሁ። ስገባ ደግሞ ቀላል የሆነ ስህተት ሠርቼ ልጎዳ ነበር። እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1962 ሚኒ ናት። 848 ሲሲ ሞተር፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ 10 ኢንች ጎማ። ክብደቷ ወደ 600 ኪሎ ነው። አራቱም ጎማዎች የሚቆሙት በታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ ነው፣ ሸራ የሚባለው ማያዣ ከውስጥ ተጭኖ ያቆመዋል።

ሚኒን የሠራት አሌክ ኢሲጎኒስ ለውድድር ብሎ አልሠራትም። እ.ኤ.አ. በ1956 በስዌዝ ቦይ ቀውስ እንግሊዝ አገር ነዳጅ ጠፋ፤ ትንሽ የምትጠጣ፣ አራት ሰው የምትይዝ መኪና ተፈለገች። እሱ ሞተሩን አግድም አስተኛው፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ከተተው፣ በ1959 ሚኒ ወጣች። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር ነው ኩርባ ላይ የምትሠራውን አይቶ «ይቺማ ትወዳደራለች» ያለው። በ1961 የሱን ስም የያዘችው ሚኒ ኩፐር ወጣች፣ የፊት ፍሬኗም ዲስክ ሆነ፤ ዲስክ በግልጽ የሚዞር፣ ከሁለት ጎን ተጨቁኖ የሚቆም ጠፍጣፋ ብረት ነው። በ1964 ፓዲ ሆፕከርክ በሚኒ ኩፐር ኤስ የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ። በ1965 ቲሞ ማኪነን፣ በ1967 ራውኖ አልቶነን ደገሙት። የኔዋ ግን ኩፐር አይደለችም። ተራዋ ሚኒ ናት፤ ዲስክ የላትም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

መኪና ከመግዛቴ በፊት አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ባንዲራ ያዥ ሆኜ በፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ትራኮች ሁሌም ሰው ይጎድላቸዋል፤ ሄዳችሁ «ልርዳችሁ» ብትሉ ደስ ይላቸዋል። ትኬት ከፍሎ የገባ ተመልካች የማያገኘው ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ኩርባው አፍ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ የማየው አንድ ነገር ነበር፤ ማን የት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ። ፈጣኖቹ ሁሉ ከጠበቅኩት ቀድመው ይይዙ ነበር። ጀማሪው ዘግይቶ ይይዛል፣ ጎማው ይጮሃል፣ መኪናው ወደ ውጭ ይሄድበታል፣ ከኩርባው ሲወጣ ፍጥነት የለውም። አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ የምትባል አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና ደግሞ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ሳታሰማ ትወጣለች፤ ዙሩን የጨረሰችበትን ሰዓት ስታዩት ግን ትደነግጣላችሁ።

ባንዲራውንም እዚያው ተማርኩ። ቢጫ ሲውለበለብ ቀንሱ፣ መቅደም ክልክል ነው። ቀይ ማለት ሩጫው ቆሟል። ሰማያዊ ማለት ከኋላችሁ የሚፈጥን አለ። ቢጫና ቀይ መስመር ያለው መንገዱ ላይ ዘይት ፈስሷል ወይም ያንሸራትታል ማለት ነው። ጥቁሩ ላይ ብርቱካናማ ክብ ካያችሁ መኪናችሁ ላይ የተበላሸ ነገር አለ፣ ወደ ፒት፣ ትራኩ ዳር መኪና ወደሚታይበት ቦታ፣ ግቡ። ሄልሜት ውስጥ ሆኖ፣ ልብ እየመታ፣ ይህን ለማስታወስ መሞከር ከባድ ነው። ባንዲራውን በገዛ እጁ ያውለበለበ ሰው ግን አይረሳውም።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ።

የመጀመሪያ ቀኔ ውድድር አልነበረም፤ የልምምድ ቀን ነበር። ሚኒዋን ከገዛሁ ሁለት ወር ሆኗታል። ሞተሩን አሠርቻለሁ፣ ካርቡሬተሩን አስጠርጌያለሁ፣ ካንዴላና ፑንቲና ቀይሬያለሁ። ቀለሟ ያብለጨልጫል። ሁለት ዙር በደንብ ሄድኩ። በሦስተኛው ዙር ቀጥታው መስመር ሲያልቅ ለቀኙ ኩርባ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሄደ። ዝም ብሎ ወለሉ ላይ ተኛ። እንደ ስፖንጅ ነው የሚለው። ሳላስበው ደጋግሜ ረገጥኩት፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዘልኝ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ቀነስኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ጠጠሩ ውስጥ ገባሁ። ቆመች። አቧራው ሲወርድ ያየሁት ቢጫውን ባንዲራ የሚያውለበልበውን ልጅ ነው። አብረን የቆምን ጓደኛዬ ነበር።

መኪናዋ አንድ ጭረት የላትም። እኔ ግን እጄ ለአንድ ሰዓት ያህል አልቆመም።

ትራኩ ላይ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት ታምቡር ፍሬን ያለው መኪና ነው። ፒት ውስጥ መጥተው አንድ ነገር ሳይናገሩ የፊት ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ሸራው ተቃጥሏል» አሉ። «ፍሬን ዘይቱን መቼ ነው የቀየርሽው?»

«አልቀየርኩትም። ስገዛት የነበረው ነው፣ ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሞተሩን ለመሄድ አዘጋጀሽ። ለመቆም ግን ምንም አላዘጋጀሽም» አሉኝ።

የሆነው ይህ ነው። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ስትነዱ ልዩነቱን አታውቁትም። ትራክ ላይ ፍሬኑ በየኩርባው ይግላል፣ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። እግራችሁ የሚረግጠው አረፋውን ነው፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም።

ታምቡር ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ሲግል ብረቱ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ እየረዘመ ይሄዳል። ሸራው ራሱም ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ዲስክ ነፋስ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ታምቡር ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ የኔዋ ዘመን ሚኒ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የሚቀረው በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ትራክ ልትገቡ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ገንዘብ ፍሬን ላይ ይውጣ። ከካርቡሬተር በፊት፣ ከቀለም በፊት፣ ከሚያምር ቸርኬ በፊት። እኔ የላስቲክ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። በየጎማው ያለውን የፍሬን ሲሊንደር ቀየርኩ፤ ሁለቱ ዘይት ማፍሰስ ጀምረው ነበር። ሸራውን ሙቀት የሚችለውን አደረግኩ። ዘይቱን በየውድድር ዓመቱ መጀመሪያ በሙሉ አስፈስሼ አዲስ እሞላለሁ፤ አየሩን የማወጣው ከሩቁ ጎማ ጀምሬ ወደ ቅርቡ ነው። አንዴ የተከፈተ የፍሬን ዘይት ጣሳ አስቀምጬ ለሚቀጥለው አልጠቀምም፤ ተከድኖም ቢሆን እርጥበት ስቦ ይጠብቃችኋል።

የሸራውን ርቀት ማስተካከል ደግሞ ማንም ቤቱ የሚሠራው ሥራ ነው። የኋላውን ጎማ በክሪክ ታነሳላችሁ፣ ከጀርባ ያለችውን ባለ አራት ማዕዘን ራስ ቡሎን ጎማው አልዞር እስኪል ታጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ትንሽ ትመልሳላችሁ። በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት ሸራው ታምቡሩን በስሱ ሲነካው «ሽ» የምትል ድምፅ አለች። እሷን ስሰማ ደስ ይለኛል። ሁሌም ከውድድር በፊት ባለው ምሽት፣ ጋራዡ ጸጥ ሲል ነው የምሠራው።

ጋሼ ሁለት ነገር ጨመሩልኝ። አንደኛው፦ «እግርሽን ፍሬኑ ላይ አሳርፈሽ አትቆዪ። አንዴ በደንብ ርገጪ፣ ልቀቂ። ይተንፍስ።» ሁለተኛው፦ «ገብተሽ ስታቆሚ የእጅ ፍሬን አትያዢ።» የጋለ ታምቡር ላይ ሸራ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል፣ ታምቡሩም ሊጣመም ይችላል። ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይበቃል። የመጨረሻውን ዙርም ፍሬን ሳልነካ ቀስ ብዬ ነው የምጨርሰው፣ ነፋስ እንዲያገኘው።

የሚገርመው ቀድሜ ፍሬን መያዝ ስጀምር ሰዓቴ ተሻሻለ። ከዚያ በፊት ዙሩን የምጨርሰው በ1 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ 1 ደቂቃ ከ53 ደረስኩ። ሞተሩን አልነካሁትም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። 34 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ኩርባ ላይ የጣላችሁባትን ፍጥነት መልሳ ለማግኘት ቀጥታው መስመር በሙሉ ይፈጅባታል። ትልቅ ሞተር ያለው ሰው ተሳስቶ በነዳጅ ይሸፍነዋል። እናንተ የምትሸፍኑበት የላችሁም። ፍሬኑን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትጨርሳላችሁ፣ መሪውን አንዴ ታዞራላችሁ፣ ነዳጁን ቀደም ብላችሁ ግን ቀስ ብላችሁ ትሰጣላችሁ። ሚኒ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ ስለሆነ ኩርባ መሀል ላይ ነዳጅ ብትጨቁኑባት አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል። ደንግጣችሁ በአንዴ ከለቀቃችሁ ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይገባና ጅራቷ ይወጣል። እኔ በዚህ ሁለቴ ዞሬያለሁ። እግር ክብሪት እንደያዘ ጣት ለስለስ ማለት አለበት።

ከሁሉም የምወደው ማርሽ መቀነሱን ነው። የነዚህ መኪናዎች ካምቢዮ እንደ ዛሬው ታጋሽ አይደለም። የሚኒዋ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ፣ ማለትም የጥርሶቹን ፍጥነት በራሱ የሚያስተካክለው ክፍል፣ የለውም፣ የሌሎቹም ቢሆን ደካማ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረገጣል። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ ታደርጋላችሁ። ፍሪሲዮን ትለቃላችሁ፣ ነዳጅ አንዴ «ቧ» ታደርጋላችሁ። እንደገና ረግጣችሁ ወደ ታችኛው ማርሽ ታስገባላችሁ። ያቺ ነዳጅ ናት የካምቢዮውን ጥርሶች ፍጥነት የምታስተካክለው። ልክ ስትመጣ ማንሻው በራሱ ክብደት የወደቀ ይመስል ይገባል፣ ድምፅም የለውም። ሳትመጣ ሲቀር ጥርሱ ሲፋጭ ሆዳችሁ ውስጥ ይሰማችኋል።

ኩርባ ላይ ይህን ሁሉ የምታደርጉት ቀኝ እግራችሁ ፍሬን እንደያዘ ነው። የእግራችሁ ፊት ፍሬኑ ላይ፣ ጎኑ ደግሞ ነዳጁ ላይ። መጀመሪያ የማይሆን ይመስላል። እኔ የተማርኩት ትራክ ላይ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መቶ ጊዜ በመደጋገም ነው። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ። ጫማችሁ ስስ ሶል ያለው ይሁን። ወፍራም ሶል ፔዳሉን አያሰማም።

ዝናብ ሲመጣ ሚኒ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ከፊት ፍርግርጉ ኋላ ፊት ለፊት ነው ያለው። የፊት መኪና የሚረጨው ውኃ ቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። የድሮ ባለሚኒዎች መላ የላስቲክ ጓንት ነው። የጣቶቹን ጫፍ ትቆርጣላችሁ፣ የካንዴላ ገመዶቹን በየጣቱ ታሳልፋላችሁ፣ መዳፉ ዲስትሪቢዩተሩን ይሸፍናል። አንድ ዝናባማ እሑድ ከእኔ ሦስት እጥፍ ጉልበት ያላቸው ሲንተፋተፉ የኔዋ አንዴም ሳታስነጥስ ጨርሳለች። ኮፈኑን ስከፍት ጓንቱ ላይ ውኃው እንደ ጤዛ ተቀምጦ ነበር።

ዘይትም እንዲሁ። የሚኒ ሞተርና ካምቢዮ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ከማርሽ ጥርስ የሚላጠው ብረት ሞተሩ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ያለው ይሁን፤ ስታወጡት የተጣበቀበትን ጣታችሁ ላይ አሹት። እንደ ግራጫ ቅባት ከሆነ ጤና ነው። ስለት ያለው ቅንጣት ከነካችሁ ካምቢዮው እየነገራችሁ ነው፤ ከመወዳደር በፊት ይፈታ። ጠዋት ላይ ደግሞ ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩን አታስጩሁት።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሄልሜት ስትገዙ ለመኪና ውድድር የተሠራውን፣ ስኔል የተባለው የሄልሜት ፈታሽ ድርጅት «ኤስኤ» (SA) የሚል ምልክት ያለበትን ግዙ፤ የሞተር ሳይክሉ «ኤም» (M) ይላል፣ ውስጡ እሳት እንዲችል አልተሠራም። የእሳት መከላከያ ልብስ ከሌላችሁና ትራኩ ለልምምድ ቀን ከፈቀደ ከላይ እስከ ታች ጥጥ ልበሱ። ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እሳት ማጥፊያው ቀበቶ ታስራችሁ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይታሰር። የጎማውን ጥርስ ብቻ አትዩ፣ ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይከዳል። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተጫወተ ኩሽኔታው ይታይ። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላም ድገሙት።

ስለ ጠባይም ልናገር። በአሮጌ መኪና ውድድር መነካካት ነውር ነው። የአንዳንዱ መኪና አካል ዳግም አይገኝም፤ የተጣመመ በር ማለት የአንድ ሰው የዓመታት ሥራ ነው። አሜሪካ ያሉ አንዳንድ የአሮጌ መኪና ውድድር አዘጋጆች 13/13 የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ጥፋተኛ ሆኖ ያጋጨ ሰው 13 ወር ይታገዳል፣ ሲመለስም ሌላ 13 ወር በክትትል ሥር ይቆያል። እኛ ትራክ ላይ የተጻፈ ቁጥር የለም፣ ግን መንፈሱ ያው ነው። እንዲቀድመኝ የምፈቅድለትን በየት በኩል እንደሚያልፍ በእጄ አሳየዋለሁ። ያቺ አልፋ በየቀጥታው መስመር ታልፈኛለች። በየኩርባው ደግሞ ጅራቷ ላይ እደርሳለሁ። ባለፈው ዓመት አስር ዙር እንዲህ ሆነን፣ እሷ ስትሄድ፣ እኔ ስደርስ፣ ማን ቀደመ የሚለውን ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ሲያልቅ የአልፋው ነጂ ፒት ውስጥ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ሮጦ መጣና የሚኒዬን ኮፈን ስሞ ሄደ።

የፊታችን እሑድ ሩጫ አለ። ዛሬ ማታ የግራውን የኋላ ታምቡር አውልቄ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌያለሁ፤ የድሮ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አትንፉት። ሸራው ገና ግማሽ አለው። መልሼ ገጠምኩት፣ አስተካከልኩት፣ ጎማውን በጣቴ ገፋሁት። «ሽ» አለች። የቀኙ ነገ ነው።